ያልተቀየረው ቺንጋ

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ከጋራዡ ቢሮ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። በየሳምንቱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኩ ሲጮህ አባትሽ ከኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ እኔ ሳወራም አጠገቤ ተቀምጦ ጆሮውን ያቆማል። እሱ እየሰማ ስለ እሱ ምን ልበልሽ? «ሁላችን ደህና ነን» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሁላችን ደህና አይደለንም፣ ሆዴ። ይኸው አልኩት።

ነገሩ የጀመረው በአዋላጇ መኪና ነው። የጎረቤታችንን መንትዮች ያዋለደችውን፣ ትንሽ ሰማያዊ መኪና የምትነዳውን ማለቴ ነው። ሞተሯ ውስጥ ያለው ጥርሳሙ የጎማ ቀበቶ፣ ታይሚንግ ቺንጋ የሚሉት፣ መቀየሪያ ጊዜው ደርሶ ኖሮ መጣች። አባትሽ ዋጋውን ነገራት፤ መወጠሪያውንና የውሃ ፓምፑን ጨምሮ ስምንት ሺህ። እሷም እንደ ሰው ሁሉ ደነገጠች። ለአንድ ጎማ ይሄ ሁሉ ብር ብላ ተከራከረች፤ ቺንጋውን ብቻ ይቀይሩልኝ አለች፤ እሱም አልሆን ሲላት ለሚቀጥለው ወር ላቆየው አለች። አባትሽን ታውቂው የለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያንኑ የሰላሳ ዓመት ትምህርቱን ጀመረላት። ሌላው ዕቃ ሲያረጅ ይጮሃል፣ ያስጠነቅቃል፤ ቺንጋ ግን ዝም ብሎ ሲሠራ ከርሞ አንድ ቀን ብጥስ ይላል፤ ያኔ ቫልቩ ከፒስተኑ ይላተማል፣ የምትከፍይውም የቺንጋ ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው። አንቺ በልጅነትሽ ከኋላው ቆመሽ ድምፅ ሳታሰሚ በከንፈርሽ ትደግሚው የነበረውን። አዋላጇም እጅ ሰጠችና ከፈለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠራው። ድሮ ግማሽ ቀን የሚበቃው ሥራ መሆኑ ያን ጊዜ ትዝም አላለኝ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጠፈ። በዚያ በሚያምር ጽሑፉ «የተቀየረው» ብሎ ቀኑንና ኪሎሜትሩን፣ ከሥሩ «የሚቀጥለው» ብሎ ሌላ ቁጥር ጻፈ። የአባትሽ ፕላስተር ያለበት መኪና ሲሸጥ ገዢው ሌላ ጥያቄ እንደማያበዛ አንቺም ታውቂያለሽ።

በሳምንቱ የአዋላጇ መኪና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። በገመድ ተጎትታ ማዶ ካለው ጋራዥ ገባች፤ ያ ቀጭኑ መካኒክ፣ አባትሽ «ምስማር» የሚለው፣ ፈታት። እኔና አባትሽም ተጠርተን ሄድን። ቺንጋው ተበጥሷል። የተበጠሰው ግን አዲሱ አይደለም፤ አሮጌው ነው፣ ጥርሱ የተበላ፣ ጠርዙ የተተለተለ። ምስማር አቀረቀረ። አዋላጇ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ስምንት ሺህ የከፈልኩት ለፕላስተር ነው እንዴ አለች። አባትሽ ኮፈኑ ሥር ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እያሳየ፣ ይኸው ተቀይሯል፣ ጽሑፉ የኔ ነው ይላል። ደጋግሞ ይለዋል። ልጄ፣ አባትሽ ሌላ ሰው ሲዋሽ እሱ የሚያፍር ሰው ነው። ሰው መሀል እንደ ሌባ ቆሞ ሳየው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ጋራዣችን ሮጥኩ፤ በዚህ ጉልበቴ። መደርደሪያው ላይ፣ ከዘይት ጣሳዎቹ ኋላ፣ አዲሱ ቺንጋ ከነካርቶኑ ቁጭ ብሏል። መወጠሪያውን ቀይሮታል፣ ፓምፑን ቀይሮታል፣ ሽፋኑን አጥቦ አጥርቶታል፤ ቺንጋው ላይ ሲደርስ ግን አሮጌውን አውልቆ፣ አጽድቶ፣ ያንኑ መልሶ አስገብቶታል። በሰላሳ ዓመት ስንት ቺንጋ ቀይሯል? እሱም አይቆጥረውም።

ካርቶኑን ይዤ ተመለስኩ። አባትሽ ከፍቶ አወጣው፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ታዲያ እኔ ያስገባሁት ምንድን ነው?» አለኝ። ቁጣ የለውም፤ እንደ ሕፃን ልጅ ነው የጠየቀኝ። ይህን ጊዜ የአዋላጇ ፊት ተለወጠ። ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። አይዘግዩ» አለችኝ።

ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ቀኑን ጠየቀው፤ ተሳሳተ። ሰዓት ይሣሉልኝ አለው፤ አባትሽ ክቡን አሳምሮ ሣለና ቁጥሮቹን ሁሉ ባንድ ጎን አጨቃቸው። የበሽታውን ስም ለብቻዬ ነገረኝ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ገብቶሻል። የሚያዘገየው እንጂ የሚያቆመው መድኃኒት የለም አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲለኝ፣ ሞኟ፣ አሁን በቅርቡ ነው አልኩት። ስንመለስ ነው ያሰብኩት። መፍቻውን ከማቀዝቀዣው ውስጥ ያወጣሁ ቀን ስቄበት ነበር። ባንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ እንኳን ተወለድሽ ብሎ ሲደውልልሽም ሦስታችንም ስቀናል።

የአዋላጇን ሞተር ማሠራት ግድ ነበር። ግማሹን እኔ ልቻል ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ፤ የአባትሽ ፕላስተር ያመጣው ነገር ነው። ምስማር የእጁን ዋጋ አልቀበልም አለ፤ ተባረክ ብዬዋለሁ። ዕቃው ብቻውን ስልሳ ሺህ ፈጀ። ብር እንዳትልኪ፣ ተከፍሏል። አሮጊቷን ሸጥኳት። አዎ፣ መንዳት የተማርሽባትን፣ የግራ በሯን ከአጥሩ ያላተምሽባትን መኪናችንን። አትቆጪኝ።

መሸጤን ለአባትሽ ነግሬው ነበር። በማግሥቱ ግን ማለዳ ተነሥቶ መኪናዋን ማን ወሰዳት አለኝ። ነገርኩት፤ እንደ አዲስ አዘነ። በሦስተኛውም ቀን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ እንደገና እንደ አዲስ አዘነ። በየማለዳው ያንን ፊት ማየት አቃተኝ፣ ልጄ። በአራተኛው ቀን «ልጃችን ይዛት ወጥታለች» አልኩት። ፊቱ በራ። ቀስ ብላ ትንዳ አለና ሻዩን ጠጣ።

እንደ ዋዛ የተናገርኩት ነው። አሁን በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወንበሩን አውጥቶ የጋራዡ በር ላይ ይቀመጣል። አንቺን ነው የሚጠብቀው። ይህን ስጽፍ እንኳ በመስኮቱ ጀርባውን አየዋለሁ። መኪና በመጣ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ገና ሳያየው በሞተሩ ድምፅ ይለየውና የሷ አይደለም ብሎ መልሶ ይቀመጣል። የሞተር ድምፅ አልጠፋበትም፣ ይገርምሻል። ሲመሽ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ። ነገ ይረሳዋል እላለሁ፤ ስንቱን የረሳ ሰው ይሄን አንዱን አልረሳ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ትናንት ቢሮውን ሳጸዳ ፎቶሽን ከግድግዳው አወረድኩት። ቱታው ውጦሽ መብራት ይዘሽለት የቆምሽበትን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሽ የተነሣሽውን። ከሥሩ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። መቼ እንደለጠፈው አላየሁም። «ልጄ» ይላል። ቀጥሎ «የመጣችው» ብሎ የዛሬ አራት ዓመት ለሁለት ሳምንት የመጣሽበትን ቀን ጽፏል፤ አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈም። ከሥሩ «የሚቀጥለው» ይላል። አጠገቡ ባዶ ነው።

ቆሜ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሻለሁ። ከዚያ ደስ እንዲለው የሆነ ቀን ልጽፍለት ማርከሩን አነሣሁ። የቱን ቀን ልጻፍ? በየዓመቱ «ለሚቀጥለው ዓመት» ትይኛለሽ፤ እሱ ደግሞ ቀን አይደለም። ማርከሩን መልሼ አስቀመጥኩት። አባትሽ በዕድሜው ፕላስተር ላይ ያልሆነ ነገር የጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ያንንም ሳያውቅ ነው። እኔ እያወቅኩ አልጽፍም።

ሥራሽ አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ፈቃድ እንደማይሰጡሽ አውቃለሁ። ነይ አላልኩሽም። ስምሽን እስካሁን ይጠራል፤ ማለዳ ማለዳ በደንብ ይጠራዋል። ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ በእህቱ ስም ይጠራሻል።

በይ ልጄ፣ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

እናትሽ

ፖስታው ውስጥ ነጭ ፕላስተር ቆርጬ፣ እንዳይጣበቅ ላስቲክ ላይ ለጥፌ አስገብቼልሻለሁ። ቀን ጻፊበትና ላኪልኝ፣ ከባዶው ቦታ ላይ እለጥፍለታለሁ። ቀኑ እርግጠኛ ካልሆነ ግን አትጻፊበት።