ተቀምጦ የሚለበስ ኮት

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድምጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን እንዴት አደረገህ? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሕመም ተወት አድርጎሃል? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አብረን እንሥራ ብዬ ብጽፍልህ፣ የሱቅሽን ደረጃ እንደ ጆንያ ተሸክመው ከሚያወጡኝ እዚሁ ግድግዳ እያየሁ ብውል ይሻለኛል አልከኝ። መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ልብስ ስፌት አስተምረህ መቀስ ያስያዝከኝ አንተ፣ ከአደጋው ወዲህ እግርህ ብቻ ሳይሆን እጅህም የከዳህ ይመስል ሥራህን መተውህ አንገበገበኝ። ቀጥሎ ግን በራሴ አፈርኩ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደንበኛ አሉኝ። ሦስቱን ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እየወጣሁ መንገድ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ደረታቸውንና ወገባቸውን ስለካ ኖሬአለሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ፣ ደረጃውን አስፈርሼ ወንበር የሚወጣበት ተዳፋት ላሠራ ፈቃድ ልጠይቅ አከራዬ ዘንድ ሄድኩ። በዓመት ስንት አካል ጉዳተኛ ይመጣልሻል ብዬ ቤቴን ላስፈርስ አለኝ። መግቢያ በሌለው ቤት ማን ይመጣል አልኩት። ብዙ ተጨቃጨቅንና፣ ስለቅ እንደነበረ እንድመልስለት አስፈርሞኝ ፈቀደ። እኔም ፈረምኩ፤ የመልቀቅ ሐሳብ ግን የለኝም። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ልትሠሪ ነው ወይ እያለ ሲያላግጥብኝ ከረመ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ግንበኛ በደረጃው ፈንታ ረዘም ያለ፣ የማያደክም መወጣጫ ሠራልኝ፤ መደገፊያ ብረትም አበጀለት። የበሩን ስፋት ግን የልኬት ነገር ነውና ለማንም አልተውኩም። የመምህርትን ወንበር ከጎማ እስከ ጎማ በሜትሬ ለክቼ ሰጠሁት። ሥራው ያለቀ ዕለት መምህርት ማንም ሳይገፋቸው ሽቅብ ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ጎማውን የሚገፉባቸው ሁለቱም እጆቻቸው መቃኑ ላይ ተላልጠዋል። ጣታቸውን እያሹ፣ «ልጄ፣ ወንበሩን ለክተሽ እጄን ረሳሽው» አሉኝ። ለክርን ማጠፊያ ሳልተው እጅጌ ቆርጬ የማላውቅ ሴት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ቁስላቸውን አጥቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ግንበኛውንም መልሼ ጠራሁት። መቃኑ እንደገና ፈረሰ፣ በሩም ከስንዝር በላይ ሰፋ።

አሁን ባለከዘራ ሽማግሌዎችም ብረቱን ተደግፈው ይመጣሉ። ይህን ያዩ የፀጉር አስተካካዩ ደንበኞች አንተስ ለምን አታሠራም ብለው ቢይዙት፣ ያ ሁሉ ፌዝ ቀርቶ የግንበኛውን ስልክ ከእኔ ወሰደ። ላላግጥበት አማረኝና ተውኩት።

ያንተን ድርሻ ልንገርህ። የመቁረጫውን ጠረጴዛ እግር አሳጥሬዋለሁ፤ ከሥሩም ተሽከርካሪ ወንበርህን ያስገባል። የስፌት መኪናውን ፔዳል አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ አስሮልኛል፣ በክርን ይጫኑታል። ሳምንት ሙሉ እግሬን አጣምሬ ሞከርኩት። ሁለት ቀን ስፌቴ እንደ ሰካራም ሲወላገድ ቆየና ተቃና። ስለዚህ አይቻልም እንዳትለኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ስለ ታጋሽነቷ አመስግንልኝ፤ ካንተ ጋር መኖር ቀላል አይደለም። ትልቋ ልጅህ ለትምህርቷ ትበርታ፣ ትንሿንም ጉንጯን ሳምልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መምህርት ኮት አዘዋል። አሁን ግን ሱቁ ውስጥ ገብተው፣ መጋረጃ ተጋርዶላቸው ነው የለካኋቸው። ልኩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ መቀስ አላሳረፍኩበትም። እኔ የማውቀው ቆሞ ለሚሄድ ሰው መቁረጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ጀርባው የት ላይ ማጠር እንዳለበት፣ የቱ ጋ እንደሚቆረቁር የምታውቀው አንተ ነህ። የሚቆርጥልዎት ወንድሜ ነው ብያቸዋለሁ። እሳቸውም «እጠብቃለሁ» ብለዋል።

እኅትህ

ከሱቄ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ
ኅዳር ፱ ቀን