የሬሳ ሣጥኔ ሳንቃ ለጀልባዋ ግራ ጎን

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በአንድ አምላክ ስም አምኜ፣ እኔ አናጢው ይሻው ምስጋና፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ በሚካኤል ዕለት፣ በደብረ ታቦር ከተማ በመኖሪያ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ተናገርሁ። እግሬ ከድቶኛል፣ ደረቴም ያፍነኛል፤ አእምሮዬ ግን እንዳለ ነው። ያስገደደኝ የለም፤ የለመነኝም የለም። የሚጽፈው ጎረቤቴ መምህር ደረጄ ነው። ደረጄ፣ እባክህ አታሳምርልኝ፤ እንዳልሁት ጻፈው። ደክሞኛልና አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አልናገርም።

ምስክሮቼ የነፍስ አባቴ ቄስ ሙሉሐብት፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ወርቁ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርቱካን፣ ጸሐፊው ደረጄም ናቸው። ወራሾቼ ወንድ ልጄ ተስፋነህና ሴት ልጄ ማስተዋል ናቸው። እሱ በሩ ሥር፣ እሷ መስኮቱ ሥር ቆመዋል። አጠገብ ለአጠገብ መቆም ከተዉ ቆይተዋል።

አንደኛ። ዕዳ የለብኝም።

ሁለተኛ። ይህ ቤት፣ ከነሥራ ቤቱና ከነመሣሪያው፣ የተስፋነህ ነው። አናጢነትን ከእኔ ተምሯል። ከአልጋ ከዋልሁ ጀምሮ አንሥቶ የሚያወጣኝ፣ የሚያገባኝ እሱ ነው። ሲያገላብጠኝ ይነጫነጫል፤ ቢሆንም ያገላብጠኛል።

ሦስተኛ። የጋፋቷን ማሳ እኩል ይካፈሏት። ገብስ ዝሩባት፤ ባሕር ዛፍ ብትተክሉባት ግን አዝንባችኋለሁ።

አራተኛ። ከይፋግ በታች በጣና ዳር የታሰረችው ባለ ሸራ ጀልባ የማስተዋል ናት። ጀልባዋ የእናታቸው የዝናሽ ነበረች። ዝናሽ ከወንድሟ ወረሰቻት፤ ወንድሟም ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቷት ነበር። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ውኃ የምወደው በእንስራ ሲሆን ነው። ጀልባዋን ዳር ላይ ታስራ ጠገንኋት እንጂ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሬባት ከዳር አልራቅሁም። ዝናሽ በዚህ እስክትሞት ድረስ ስቃብኛለች። ነፍሷን ይማረው፤ እንዴት ያለ ሳቅ ነበራት! ማስተዋል እናቷን ወጣች። ቤንዚን በጠፋበት በዚህ ዘመን ባለ ሞተሮቹ ዳር ላይ ቆመው ሲቀሩ፣ እሷ በነፋስ እህልና መንገደኛ ታመላልሳለች። የምታድረውም እዚያው፣ በጀልባዋ ጓዳ ውስጥ ነው።

ጓዳዋ ከውስጥ በሳንቃ የተለበጠች ናት። ያ የጥንቱ ሳንቃ በበሰበሰ ጊዜ እኔ ታምሜ ስለ ነበር ተስፋነህን ላክሁት። ሄዶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቺፑድ መታበት! ውኃ ላይ ለምትኖር ጀልባ ቺፑድ! ያውም ከጎኗ ጋር አጣብቆ፣ ለነፋስ ቀዳዳ ሳይተው፤ የሰው ሳሎን መስሎት። ክረምቱ ሳይወጣ ቺፑዱ እንደ ተነከረ ዳቦ አበጠና ፈረጠ፤ ጀርባው ሁሉ ሻጋታ ሆነ። ማስተዋል ሳል የያዛት ያን ጊዜ ነው። «ወንድሜ ሊገድለኝ ነው» አለች። እሱም «የአባቷ ቤት እያለ ውኃ ላይ ማን ተኚ አላት?» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ቡና አይጠራሩም።

የጀልባዋን ቀኝ ጎን ሕመሙ ሲሻለኝ ሄጄ ራሴ ቀየርሁት። ግራው ጎን ግን ቺፑዱ ተልጦ ባዶውን ቀርቷል፤ ጤዛው ሌሊቱን ሙሉ አልጋዋ ላይ ይንጠባጠባል። ክረምቱ ደረሰ። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ መላጊያ አልይዝም።

አምስተኛ። በሥራ ቤቱ ቆጥ ላይ ያለው የደረቀ የዋንዛ ሳንቃ ለዚያ ለግራ ጎን ይሁን። ሳንቃው ለሬሳ ሣጥኔ ያስቀመጥሁት መሆኑን እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። አባቴም የሣጥኑን እንጨት ራሱ መርጦ፣ ራሱ አድርቆ ነው ያለፈው። ግን እንዲህ ያለ ዋንዛ ዛሬ ከወዴት ይመጣል? ሐሙሲት ገበያ ቢወርዱ የሚገኘው እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ እርጥብ እንጨት ጀልባ ውስጥ ገብቶ ይጣመማል። እኔ አፈር ውስጥ የማበሰብሰውን እሷ ትተኛበት።

ይህን ስናገር ተስፋነህ ጮኸ። ያለውን ጻፈው፣ ደረጄ። «አባቴ፣ አንቱን በምን ልቅበር ነው? ለእሷ ጀልባ ብዬ አባቴን ያለ ሣጥን ብቀብር አገሩ ምን ይለኛል?»

አቶ ወርቁም «ጋሽ ይሻው፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ እድሩ ሣጥን ይገዛል» አሉ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ወርቁ። እድሩ የሚገዛው ግን የቺፑድ ነው። ዕድሜ ልኬን ቺፑድ ስረግም ኖሬ በቺፑድ አልቀበርም! ወይዘሮ ብርቱካን ሳቀች። መሳቋንም ጻፈው።

ስድስተኛ። ስለዚህ በሰሌን ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ። የነፍስ አባቴን ነውር እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ «አባቶቻችን በምን ተቀበሩና ነው?» አሉኝ። አበቃ። ተስፋነህን የሚወቅስ ሰው ቢኖር ይህን ወረቀት አንብቡለት።

ማስተዋል ደግሞ በተራዋ ተነሣች። «እኔ በአባቴ ሣጥን ውስጥ አልተኛም! ሳሉም ይግደለኝ» አለች። የእኔ ልጅ፣ እስካሁን የተሠራ ሣጥን የለም፤ ያለው ሳንቃ ነው። ስትስይ ሌሊት ሌሊት ደብረ ታቦር ድረስ የሚሰማኝ ይመስለኛል። እናትሽ ደረቷን ታማ እንደ ሄደች ታውቂያለሽ። አንቺንም እንዲያ አድርጌ አልሸኝሽም። አልችልም። አታድክሚኝ።

ሥራውን የሚሠራው ተስፋነህ ነው። እሷ ሸራ ታውቃለች እንጂ እንጨት አታውቅም። ስማኝ ልጄ፤ መጀመሪያ የጀልባዋን ጎን ፍቀህ በፀሐይ አድርቀው። በጎኗና በሳንቃው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተው፤ ነፋስ ከታች ገብቶ ከላይ ይውጣ። ሚስማር አትምታ፤ በነሐስ ብሎን እሰረው፣ ነገ የሚፈታው ሰው እንዳይረግምህ። የተልባ ዘይት ስትቀባ ጀርባውን አትርሳ፤ የማይታየው ነው ቀድሞ የሚበሰብስ። ላሳፍርህ ብዬ አይደለም። ሞት አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ በእኔ ለቅሶ ሁለት ድንኳን እንዳትተክሉ ነው።

እዚህ ላይ ቄስ ሙሉሐብት መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ይሻው፣ ኑዛዜ የሚሠራው ሰው ካለፈ በኋላ ነው። ክረምቱ ቢቀድምህስ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ይህን አላሰብሁትም። «እንግዲህ ለልጄ ስል ሰኔ ሳይገባ ልሙት እንጂ ምን ላድርግ?» ስል ተስፋነህ በሩን ከፍቶ ወጣ። ተቀይሞኝ ሄደ ብዬ ልቤ ስብር አለ። ቆይቶ ከሥራ ቤቱ በኩል የእንጨት መንኳኳት ሰማን። ወይዘሮ ብርቱካን በመስኮቱ አየችና «ከቆጡ እያወረደው ነው» አለችን። ወዲያው የተስፋነህ ድምፅ መጣ፦ «ማስተዋል! ነይ ጫፉን ያዢልኝ እንጂ! ብቻዬን ልሰበር ነው?» እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣች።

ደረጄ፣ አምስተኛውን ሰርዝልኝ። የሌለኝን ሳንቃ ማውረስ አልችልም። የሰሌኑን ግን እንዳለ ተወው።

ይህ ቃሌ አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነብቦልኝ፣ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ በእጄ ፈረምሁ።

ተናዛዥ፦ ይሻው ምስጋና

ምስክሮች፦ ቄስ ሙሉሐብት፤ አቶ ወርቁ፤ ወይዘሮ ብርቱካን፤ መምህር ደረጄ (ጸሐፊ)

ከጸሐፊው፦ አምስተኛው አንቀጽ የተሰረዘው በተናዛዡ ትእዛዝ ነው። ኑዛዜው ሲነበብ ሁለቱ ልጆች ቤት ውስጥ አልነበሩም፤ ግቢው ውስጥ ሳንቃውን አንድ ላይ ይለኩ ነበር።