የአባትህ ጀርባ

ልጄ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ታድሷል፤ እህትህም ሥራ ይዛለች።

አባትህ ግን ተኝቷል። የጀርባውን ሕመም ከስፌቱ ነው ስንል ከረምን። እሱም «ያልጎበጠ ልብስ ሰፊ ሥራ ፈት ነው» እያለ ያስቀን ነበር። ሳል የለው፣ ቲቢ ጀርባ ይገባል ብሎ ማን ያስባል? ወጌሻ ካሸው በኋላ ባሰበት፤ እግሩ ከዳው። ሆስፒታል ራጅ ሲነሳ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፤ መግሉ ነርቩን ተጭኖታል። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ መድኃኒቱንም በየቀኑ ይውጣል። ሐኪሙ ለብቻዬ፣ «በሽታው ይድናል እናቴ፤ እግራቸው ግን የሚመለስ አይመስለኝም» አለኝ።

ለእሱ አልነገርኩትም። ትናንት ግን «የስፌት መኪናዬን ዝገት ሳይበላው ሽጪው» አለኝ። «ታዲያ ማን ይሰፋልናል?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስትደውል «መቼ ትነሳለህ?» አትበለው፤ ስለ ሥራህ አጫውተው። ከዕድሜዬ ቀንሶ ለአንተና ለአባትህ ያካፍላችሁ።

እናትህ