ሳሙናውን ከፖምፓው ላይ አንሣው

ለምወድህ ወንድሜ ለኃይለየሱስ፦

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም በዚያ በአፋር ሙቀት ውስጥም ቢሆን ይድረስህ። ለመሆኑ ደህና ነህ ወይ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ ጥበብስ የሎግያን ሐሩር ለመደችው ወይስ ዛሬም ታማርርሃለች? እኛ ደህና ነን፣ ደህና ከተባለ። እኔ ግን መቀመጥም መተኛትም አቅቶኛል፤ ይህን እየጻፍኩ እንኳ ተነሥቼ በር ከፍቼ ዘግቼ ተመለስኩ። አፍዴራ ጨው ልትጭን ስትወርድ ስልክህ ድራሹ ስለሚጠፋ ያላስለመድኩህን ወረቀት ይዣለሁ።

ባለፈው ወር ሚኒባሴ ናፍጣ ታንጠባጥባለች ብዬ ስነግርህ ስቀህ፣ ምን ያስጨንቅሻል፣ ሳሙና ለጥፊበት፣ እኔም ከፋሲካ ወዲህ የአባባን መኪና በሳሙና ነው የምነዳት አልከኝ። አባባ የናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ሰልባትዮው፣ ሲቀደድ ሳሙና ጠቅጥቆበት አሰብ ደርሶ ይመለስ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ሰማሁህና የሚያንጠባጥበው የናፍጣ መግፊያ ፖምፓ ላይ ለጠፍኩ። ጉድ ሠራኸኝ!

ማክሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼን ጭኜ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ ከጋቢናው ወንበር ሥር ጭስ ቡልቅ አለ። ሞተሩ እዚያው ሥር አይደል! ሳሙናው በሙቀት ቀልጦ ናፍጣው የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠባል። ልጆቹን እንዴት እንዳወረድኳቸው አላውቅም፤ አንዷንማ በደብተር ቦርሳዋ ጎትቼ ነው። ጋቢና ተቀምጣ የነበረችው ማን ይመስልሃል? ያንተዋ ሐዊ፣ እኛ ቤት ሆና የምትማረው ልጅህ። ተመስገን፣ ምንም አልነካት። እሷ እቴ፣ ስትስቅ ነው የዋለችው።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ያለው መካኒክ፣ የአባባን መኪና ይጠግን የነበረው ገብረትንሣኤ፣ ፖምፓውን ፈትቶ አሳየኝ። እኔማ ላምባ ቀላቅለው ሸጡልኝ ብዬ ከማደያው ሰዎች ጋር ተጣልቼ ነበር፤ አባባ እንዳስተማረን ናፍጣውን በሁለት ጣቴ ሳሸው እንደ ድሮው አላሟለጨኝም፣ የድኝ ሽታውም የለም። ገብረትንሣኤ ግን አልተበረዘም፣ ድኙ የተቀነሰለት ናፍጣ ነው አለኝ። ጭሱ የቀለለው ለዚህ ነው፤ የልጄ የፊልሞን ሳልም ጋብ ብሏልና አልረግመውም። ድኙ ሲወጣ ቅባትነቱም አብሮ ይቀንሳል፤ እሱን ማለስለሻ ጨምረው ይተኩታል። ለአዳዲስ ሞተሮች ምንም አይደል። የኛ አሮጊቶች ጎሚኒ ግን፣ ያ የፖምፓው ጥቁር የላስቲክ ቀለበት፣ ዕድሜውን በድሮው ናፍጣ አብጦ ኖሮ አዲሱን ሲያገኝ ይኮማተርና ያፈሳል። አዲስ ጎሚኒ ከገባ አለቀ፣ ደቀቀ። ሳሙና ለቀዝቃዛ ሰልባትዮ እንጂ ለጋለ ፖምፓ ነው ወይ ብሎ ተቆጣኝ። ቁጣው ላንተ ነበር፣ እኔ ተቀበልኩልህ።

የኔዋ ተቀይሮላት ደህና ናት። ያንተዋስ? ያን ዳገት ጨው ተሸክማ ስትወጣ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከመቀመጫህ ሥር እሳት ታቅፈህ! አሮጌ መኪና አትሞትም ትላለህ ሁልጊዜ። መኪናዋማ አትሞትም፣ የምትሞተው አንተ ነህ። ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው፤ ስለፈራሁ ነው እንዲህ የምናገረው።

ጎሚኒውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጓደኛህ የሲን ያደርስልሃል። ገብረትንሣኤ ልኩን አውቆ የመረጠው ነው። ፖምፓ የሚያውቅ ሰው ይግጠመው፤ አንተ እንዳትነካካው፣ እጅህን አውቀዋለሁ። ሐዊንም ለክረምት ይዞልህ ሊመጣ ነበር፤ እሷን ግን ለየሲን አልሰጠሁትም። ክረምቱን ጋቢናህ ላይ አስቀምጠህ አፍዴራ ልታሳያት ቃል እንደገባህላት አውቃለሁ፤ አንዴ ሎግያ ከገባች ማን ይከለክላታል? ጎሚኒው መቀየሩን በገዛ አፍህ ሳትነግረኝ ከደጄ አትወጣም።

ባለቤቴ ዘሩባቤል ሰላም ብሎሃል፤ ተቆጥተሽ አትጻፊ ብሎኝ ነበር፣ እንዳየኸው ነው። ፊልሞን አጎቴን ሳሚልኝ ብሏል። ጥበብን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የሳሙናውንም ነገር ሳትዘል አንብብላት። ሐዊ ምንም በይልኝ አላለችኝም፣ ተኳርፈናል። ጫማዋን አድርጋ ደጃፍ ተቀምጣ የየሲንን መኪና እያየች ነው። ሲነሣ ትጠላኝ ይሆናል። ትጥላኝ፣ ብቻ አባት ይኑራት።

እህትህ ተሾመች
አራዳ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.