ምላስ የሌላቸው የዓሣ ራሶች

ይድረስ ጨረቃ ላይ ላለሽው ልጄ ለሲግኒ፤

ባሕሩን የፈጠረ አምላክ አየር በሌለበትም ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የደሴታችን የሎፎተን ሊቃውንት ግን አብደዋል። በየማለዳው የዓሣ ራሶች ባሕር ዳር ተደርድረው ይገኛሉ። የመንደሩ ሹም ኦድቫር ስብሰባ ጠርቶ፣ «ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው!» አለን።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ዓሣ ስትበላ ኖረህ አንዱን ራስ አገላብጠህ ማየት አቃተህ?» አልኩት።

የቢላው አቅጣጫ እንደሚያሳየው ምላሶቹ በግራ እጅ ተቆርጠው ወጥተዋል። እዚህ የዓሣ ምላስ የሚቆርጡት ልጆች ናቸው፤ ከነሱ ግራኟ ያቺ ትንሿ ጓደኛሽ ጉድኒ ብቻ ናት። ከኮረብታው ሆኜ ሳየው ድርድሩ የሚጽፈው ስምሽን ነው።

አንቺም ያን የሚያህል የሩቅ ማያ መነጽር ታቅፈሽ ኮከብ ትቆጥሪያለሽ፤ ጎበዝ!

ዛሬ ጉድኒ ከስምሽ ኋላ የጥያቄ ምልክት ጨምራለች። በሰላም አውርዶ ዓይንሽን ያሳየኝ። እባክሽ የኔ ልጅ፣ መነጽሩን አንዴ ወደኛ አዙሪውና መልሺላት።

እናትሽ ቶርዲስ