ስለ ኢንጂነር ከፍያለው አድነው ዕረፍትና ስለ ሕመማቸው ስም

የመረዳጃ ማኅበራችን መሥራች አባል ኢንጂነር ከፍያለው አድነው ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው፣ ስቶክሆልም በሚገኝ ሆስፒታል አርፈዋል። የሞቱት በሜሶቴሊዮማ ነው። ይህ የሳንባን ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አስቤስቶስ የሚባል ቃጫማ ማዕድን ብናኝ ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሕመሙን ስም የጻፍነው ራሳቸው ስላዘዙን ነው። ማኅበሩ በዕረፍታቸው እጅግ አዝኗል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንጂነር ከፍያለው አዲስ አበባ ተወልደው በ1971 ለምህንድስና ትምህርት ወደ ስዊድን መጡ።

በ1973 እና በ1974፣ ትምህርት በሚዘጋባቸው ወራት፣ ከአምስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር ዛሬ በሌለ አንድ የቧንቧ ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ። በአሮጌ ሕንጻዎች ምድር ቤት እየገቡ ከሙቅ ውሃ ቧንቧዎች ላይ ያረጀውን ሽፋን ይልጡ ነበር። ሽፋኑ አስቤስቶስ ነበረበት። አፍና አፍንጫ የሚሸፈንበት ነገር አልተሰጣቸውም።

ከ1979 ጀምሮ እስከታመሙ ድረስ በውሃ መስመር መሐንዲስነት አገልግለዋል።

በ1986 ከአሥራ አንድ ቤተሰቦች ጋር ሆነው ማኅበራችንን ሃሉንዳ ላይ መሠረቱ። የመጀመሪያውን መተዳደሪያ ደንብ ያረቀቁት፣ ሆስፒታል የተኛ አባል በየተራ እንዲጠየቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የአባላትን ልጆች ለአሥራ አራት ዓመታት በየእሑዱ ሒሳብ አስተምረዋል። ልጆቹ በስዊድንኛ ሲመልሱላቸው መልሱን በአማርኛ ያስደግሟቸው ነበር።

በ2004 አብረዋቸው ከሠሩት ተማሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ ሀዲስ ዐረፉ። ያኔ ባወጣነው መግለጫ «ባደረባቸው ሕመም» ብለን ጻፍን። ሕመሙ ይኸው ሜሶቴሊዮማ ነበር። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይነሳ ጠይቆን ስለነበር እንደተለመደው ተውነው። ዛሬ የምንጽፈው ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሚቱ ስለፈቀዱልን ነው። ኢንጂነር ከፍያለው በዚያ ለቅሶ ሦስቱንም ቀን ተቀምጠው ነበር። የሕመሙን ስም የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

በ2007 መጨረሻ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ብሬዴንግ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ደረጃው ነው ብለው ወራት አሳለፉ። በጥር 2008 ከሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ሲቀዳ ሐኪሙ አስቤስቶስ ነክተው እንደሆነ ጠየቋቸው። የዚያን ዕለት ማታ ለወይዘሮ ማሚቱ ስልክ ደውለው ሁሉንም ሰሙ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ለሥራ አስፈጻሚው እንዲህ አሉ፦ «ሀዲስን “ባደረባቸው ሕመም” ብላችሁ ቀበራችሁት። እኔን እንደዚያ እንዳትቀብሩኝ።»

ቀድመው ቢያውቁ ይድኑ ነበር ለማለት የሚያበቃ እውቀት የለንም። ቀድመው ለመመርመር ግን ምክንያት አልነበራቸውም። ያን ምክንያት ሊሰጣቸው ይችል የነበረው የ2004 መግለጫችን ነበር።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2008 በሙከራ ላይ ባለ ሕክምና ተሳተፉ። ከደማቸው የተለዩ የመከላከያ ሕዋሳት ዕጢውን ለይተው እንዲያውቁ በላቦራቶሪ ተዘጋጅተው ሦስት ጊዜ በመርፌ ተመለሱላቸው። ከእኛም ከዘመድም «ሙከራ» የሚለው ቃል እንዳይነገራቸው የጠየቁ ነበሩ። ኢንጂነር ከፍያለው ግን አሥራ ሁለቱን ገጽ የስምምነት ወረቀት ከልጃቸው ከሊና ጋር አንብበው ፈረሙ። ናሙናቸውም ለምርምር እንዲቆይ ፈቀዱ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ደሜን ትምህርት ቤት አስገብተውታል፤ ካለፈ ትሰማላችሁ» ይሉ ነበር። ዕጢው ለአራት ወራት ያህል ሳያድግ ቆየ። በመስከረም ሌላ ምስል ተነሡ፤ ለጸሐፊያችን ራሳቸው ደውለው «ወድቋል» አሉ።

በጥቅምት፣ ተኝተው ሳሉ፣ አብረዋቸው የሠሩትን ስም በእጃቸው ጽፈው ሰጡን።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ውባለም፣ ለልጃቸው ለሊና፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው የሐዘናችሁ ተካፋይ መሆናችንን እንገልጻለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን 2001 ዓ.ም. ይፈጸማል።

በቧንቧ ሥራው አብረው ከነበሩት ስድስት ተማሪዎች ሁለቱ ዐርፈዋል። የፋርስታው አቶ ዓምደሚካኤልና አቶ ፍቅረ ሥላሴ ተነግሯቸው ምርመራ ጀምረዋል። የቀሩት አቶ ደጀኔና አቶ ማስረሻ ናቸው። አቶ ደጀኔ ወደ ዮተቦርይ ከተማ እንደሄዱ፣ አቶ ማስረሻ በ1976 ወደ አገር ቤት እንደተመለሱ ይነገራል። የአባታቸውን ስም የሚያስታውስ እስካሁን አላገኘንም። የሚያውቃቸው ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይደውል። ለቀብሩ ባይደርስም ይደውል።

የመረዳጃ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ሃሉንዳ፣ ኅዳር 10 ቀን 2001 ዓ.ም.