በቢጫዋ ዓሣ ቀናሁ

ለልጄ ለሳንግዋኒ፣

ሐይቃችንን የፈጠረ አምላክ ከብርድም ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ። አልጠየቅኸኝም እንጂ ጉልበቴን አሞኛል።

እዚህ ማላዊ ሐይቅ ዳር፣ ንካታ ቤይ፣ ጠላቂዎቹ ዘንድሮ ከድንጋዮቹ ሥር ለውጭ አገር የሚሸጠውን የጌጥ ዓሣ ብዙ አላወጡም። ጎረቤታችን ኛጎንድዌ ግን ገንዳዋ ውስጥ ያራባችውን አንድ ሰማያዊ ወንድ ዓሣ በሁለት ፍየል ዋጋ ሸጣ አላስቀምጥ ብላናለች። ድሮ እሾሃም ነው ብለን ለካሳቫ ገንፎ እንኳ የማንፈልገውን!

አንተ ደግሞ በደወልህ ቁጥር ስለዚያች ገንዳዬ ውስጥ ስላለችው ዓሣህ "ቢጫዋ በላች ወይ?" ነው። ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ እንዴት ትብላ? ኛጎንድዌ ሰምታ፣ "አንቺ፣ ልጅሽ እናት ቀየረ እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ። አንጀቴ አረረ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠብሼ ልገላገላት ብዬ እጄን ገንዳው ውስጥ ከተትሁ። ለካ ልጆቿን ለቅቃቸው ዙሪያዋን ይጫወታሉ። እጄን ሲያዩ ተሯሩጠው አፏ ውስጥ ገቡ። እጄን አወጣሁ፤ ይኸኔ ይብስ ቀናሁባት።

አሁን ልጆቿ ስላደጉ፣ እንዳልኸኝ ዓርብ አንተ ወዳለህበት ወደ ጀርመን ከሚጫኑት ዓሦች ጋር እልካታለሁ። ያሰናዳህላትን የመስታወት ቤት በፎቶ አየሁት፤ መብራትና ማሞቂያ ሳይቀር አለው። የኔን አልጋ ፈልጌ አጣሁት።

በሄድህበት ሁሉ ሰው ይውደድህ፤ እጅህ የነካው ይርባ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ስትደውል መጀመሪያ "እማዬ፣ በላሽ ወይ?" በለኝ።

እናትህ